አማካሪ ልትመርጪ ለተቃረብሽው እህት፦ እኔን አንድ ዓመት ያስከፈለኝ ነገር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ባሕር ዳር እየሠራሽ የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ ሙያ) ማስተርስ ጀምረሻል። ጣና ሐይቅ ዳር ስላለችው ስለ ዘጌ አረጋውያን ልታጠኚ አስበሻል። ለጥናትሽ አማካሪነት ሁለት መምህራን በአእምሮሽ አሉ። አንዱ ተባባሪ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ብዙ ጽፈዋል። ሌላዋ ገና ሌክቸረር ናቸው። «መምህሩ ምን ተምሮ እንደመጣና ምን እንደሚወድ ማወቅ እውነት ለውጥ አለው? ወይስ ትልቅ ማዕረግ ያለውን ልያዝ?» ነው ያልሽው።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «ማዕረግ ያለውን ያዢ፣ ዲፌንስ ላይ (ጥናትሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ) ይሟገትልሻል» ብለውሻል። እኔም ይህንኑ ምክር ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

እኔ የተማርኩት ባሕር ዳር አይደለም፣ ሌላ ከተማ ነው። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነበርኩ። አንቺም ሥራ ላይ ስለሆንሽ እንደኔ በሥራና በትምህርት መሀል የምትሮጪ ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፣ የሰውም ስም አላነሳም። ጥናቴን ግን የሠራሁት እዚሁ ጣና ዳር ነው፣ ነገደ ወይጦ ከሚባለው የሐይቁ ዳር ማኅበረሰብ ሴቶች ጋር።

1. መጀመሪያ መምህሩ ከየትኛው ሙያ እንደመጣ እወቂ። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ብዙም አያስጨንቅሽ። ሶሻል ወርክ በአገራችን ታሪኩ የተቆረጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። ተመልሶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ያውም በቀጥታ በማስተርስ። ዶክትሬቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ቀጠለ። መሀል ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ባዶ አለ። በዚያ ጊዜ ሰው መርዳት የሚወድ ተማሪ የት ይግባ? ሶሲዮሎጂ ገባ፣ ሳይኮሎጂ ገባ፣ ሌላም ገባ። ዛሬ ሶሻል ወርክ ከሚያስተምሩን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ሌላ የሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ነውር አይደለም። እንዲያውም ለተማሪ ሀብት ነው። ግን አንድ ሽማግሌ ዘጌ ላይ ብቻቸውን ደጅ ተቀምጠው ብታሳዪያቸው ሁሉም የሚያየው ይለያያል። ከሶሲዮሎጂ የመጣው «ልጆቹ ለምን አካባቢውን ለቀው ሄዱ?» ይላል። ከሳይኮሎጂ የመጣችው «እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ከሰው ጋር ያወራሉ?» ትላለች። ከጤና የመጣው ስንት ሰው እንደዚህ እንደሆነ መቁጠር ይፈልጋል። በሶሻል ወርክ ያደገው ደግሞ «ውኃ የሚቀዳላቸው ማነው? እድር አላቸው? የማንን በር ላንኳኳ?» ይላል። አራቱም ልክ ናቸው። ያንቺ ጥያቄ የማን እንደሆነ ሳታውቂ አማካሪ ከመረጥሽ ግን የሰው ጥያቄ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

2. ማዕረግ ሌላ ነው፣ ዝንባሌ ሌላ ነው። የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ አማካሪዬን፣ ዶክተሩን፣ የመረጥኳቸው ሁሉም ስለሚፈራቸው ነበር። ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም «እሳቸው ከያዙኝ ማንም አይነካኝም» አልኩ። ምን እንዳጠኑ አልጠየቅሁም። ለካ ዲግሪያቸው ስታትስቲክስ፣ ማስተርሳቸው ሥነ ሕዝብ ነው። በዕውቀታቸው ምንም አልልም። ቁጥር ላይ የሚያክላቸው የለም። ክፉ ሰውም አይደሉም፣ ስልክ ያነሳሉ፣ የላክሽውን ያነባሉ። ግን እኔ ማወቅ የፈለግኩት ደንገል (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) እየራቀ ሲሄድ ከደንገል ስፌት የሚኖሩ እናቶች ኑሮን እንዴት እንደሚገፉት ነበር። ፕሮፖዛሌን አዩና የመጀመሪያ ቃላቸው «ሳምፕል ሳይዝሽ የታለ?» ሆነ።

384 የሚባለውን ቁጥር ሳታውቂው አትቀሪም። የሕዝቡ ብዛት በማይታወቅበት ጊዜ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ ስህተት ሲሰላ የሚወጣው ሳምፕል ሳይዝ፣ ማለትም የሚጠየቁ ሰዎች ብዛት ነው። የስንቱ ተማሪ ጥናት ላይ ተቀምጧል። እኔም 384 ጻፍኩ። እኔ የማውቀው ሰፈር ግን ጥቂት ደርዘን ቤት ነው። ቁጥሩን ለመሙላት ሌላ ሰፈር፣ ከዚያም ሌላ ሰፈር መጨመር ነበረብኝ። ስድስት ገጽ መጠይቅ በ384 ስታባዢው 2,304 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ በ2 ብር አስባዛሁ። አራት መረጃ ሰብሳቢ ልጆች ለስድስት ቀን፣ በቀን 300 ብር ከፈልኩ። ወደ 12 ሺህ ብር ገደማ ከደሞዜ ወጣ። ብሩ ይቅር።

መጠይቁ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም» የሚል ነው። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ደንገል እየሰነጠቁ አገኘኋቸው። ጥያቄውን አነበብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ደግ ያልሽውን ጻፊልኝ ልጄ» አሉኝ። ሁለተኛውን አነበብኩ። «እሱንም» አሉ። ከሠላሳ በላይ ጥያቄ በዚህ መልክ ሞላን። እኔ ለማነብበው ወረቀት እጃቸውን ከሥራ ያስፈቱት በእንግድነቴ ብቻ ነው። ስጨርስ «እንግዲህ ተመዘገብን፣ ዱቄቱ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚያ ቆሜ ቃል አጣሁ። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ብጠይቅ ሁሉም ቤት የተባለው ይኸው ነው። ስም የሚጽፍ ሰው የሚመጣው ለእርዳታ ነውና እኛንም እንደዚያ ነው ያዩን። ሰፈሩን ሙሉ በባዶ ተስፋ ሞልቼ ሄጃለሁ ማለት ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሶሻል ወርክ ለመማር ሄጄ በሶሻል ወርክ ስም ሰው ጎዳሁ።

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ «ዳታው ኮምፒውተር ላይ ኢንተር ይደረግ፣ ችግሩን ውስንነት በሚለው ክፍል ጻፊው» አሉኝ። እሳቸው ከመጡበት ሙያ አንጻር መልሱ ትክክል ነው። እኔ ግን የዚያችን እናት ጥያቄ «ውስንነት» ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

አማካሪ መቀየር አንድ ሴሚስተር ፈጀ። ማመልከቻ፣ ስብሰባ፣ «ለምን?» የሚል ቁጣ። የመጡልኝ መምህርት ሌክቸረር ነበሩ፣ ዶክትሬታቸውን እንኳ አልጀመሩም። ግን ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት ጎዳና ላይ ከሚኖሩ ልጆች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። ወረቀቴን ገና አልገለጡትም። «መጀመሪያ ሄደሽ እነዚያን እናቶች ይቅርታ ጠይቂ። እርዳታ እንደሌለ ንገሪያቸው። ካባረሩሽ ትመለሻለሽ፣ ርዕስ እንቀይራለን» አሉኝ። ሄድኩ። አላባረሩኝም። ቡና አፈሉልኝ።

3. የድጋፍ ደብዳቤ። ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። የጥናት ዘዴሽ ከተቀየረ ደብዳቤውም ይቀየራል። የመጀመሪያው «መጠይቅ ለማስሞላት» ይል ነበር። አሁን ደግሞ «ቃለ መጠይቅ ለማድረግ» መባል ነበረበት። ሁለት ቃል ብቻ! ለዚያች ሁለት ቃል አንድ ጽሕፈት ቤት ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። የትኛው እንደሆነ አልልም። ሰውየው አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ስልኩን እያየ «ነገ ነይ» ይላል። ነገ ስሄድ ማኅተም የያዘችው ስብሰባ ናት። ከነገ ወዲያ ኃላፊው መስክ ናቸው። በአምስተኛው ቀን «ደግሞ ምን አጠፋንና ነው የምታጠኑን?» አለኝ። በሰባተኛው ቀን ፋይሌ ጠፋ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብኝ። ከሥራ እያስፈቀድኩ፣ ባጃጅ እየከፈልኩ፣ አንድ አረፍተ ነገር ለማስለወጥ።

ከዚያ ያወጡኝ መምህርቷ ናቸው። ለሚያውቋቸው አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ደወሉልኝ፣ ድሮ አብረው የሠሩ ናቸው። በማግስቱ ደብዳቤው ወጣ። አማካሪሽ መስክ ላይ የሠራ ሰው ከሆነ ወረቀትሽን ማረም ብቻ ሳይሆን በር የሚያስከፍት ሰውም ያውቃል። ትልቁ ማዕረግ ይህንን አላደረገልኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከአሥራ አራት እናቶች ጋር ተቀመጥኩ። ብዙውን ጊዜ እስክሪብቶም አላወጣም። ደንገል ስሰነጥቅ እጄ ቆስሏል። ድሮ ከቤት ጀርባ ይታጨድ የነበረው ዛሬ በታንኳ ርቀው ካልሄዱ እንደማይገኝ ነገሩኝ። ሌላው ሰው «ወይጦ» ብሎ ሲጠራቸው ምን እንደሚሰማቸው፣ ራሳቸውን «ነገደ ወይጦ» ብለው እንደሚጠሩ፣ ዱሮ ጎረቤት በአንድ ዕቃ አብሯቸው እንዳይበላ ይጠየፍ እንደነበር ነገሩኝ። ይህንን የትኛው «በጣም እስማማለሁ» ውስጥ ታገኚዋለሽ? ዲፌንስ ላይ ከውጭ የመጡት ፈታኝ «ይህን ለተማሪዎቼ ላሳየው፣ ኮፒውን ላኪልኝ» አሉኝ። ዶክተሩም አዳራሽ ነበሩ። መጥተው ጨበጡኝ። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም።

ስለዚህ ለአንቺ እንዲህ አድርጊ እላለሁ። ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ መምህሩ ያማከሯቸውን የድሮ ጥናቶች አውጪ። ርዕሱን እዪ፣ ከዚያ የምስጋናውን ገጽ አንብቢ። «ላደረጉልኝ ገንቢ አስተያየት» የሚለውን ዝለይው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። «መስክ ድረስ መጥተው» የሚል ካለ እሱን ያዢ። የምርምር ጽሑፍ የሚፈለግበት ጉግል ስኮላርም ግቢ፣ ግን የጽሑፉን ብዛት አትቁጠሪ። ከጸሐፊዎቹ መሀል የመምህሩ ስም መጀመሪያ የተጻፈባቸውን ብቻ ለይተሽ አንብቢ። የሚወደውን የምታውቂው ከዚያ ነው። የእሱ ተማሪ ዲፌንስ ሲያደርግ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አዳምጪ። ስለ ሰዎቹ ነው የሚጠይቀው ወይስ ስለ ሠንጠረዡ?

ዘጌን በተመለከተ አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። በየገጠሩ የሚዞረው የቤተሰብ መጠይቅ «ስንት በሬ አላችሁ?» ይላል። ዘጌ ግን በወጉ በሬ አይጠመድም፣ አይታረስም። ኑሮው ቡናና ጫካው ነው። ያንን መጠይቅ ይዘሽ ብትሄጂ የዘጌ ሰው በሙሉ የመጨረሻ ድሃ ሆኖ ይወጣል። ቡና መልቀም ያቃታቸው አዛውንት ደግሞ ከሌላው ሳይለዩ ይቀራሉ። ሁለቱንም መምህራን ሄደሽ «ዘጌ ላይ የአንድ አረጋዊ ኑሮ እንዴት ይለካል?» ብለሽ ጠይቂ። ወዲያው ቀመር የሚያወጡልሽ ካሉ አስቢበት። «ዘጌን አላውቀውም፣ መጀመሪያ አብረን እንሂድና እንይ» ካሉሽ ተባባሪ ፕሮፌሰርም ይሁኑ ሌክቸረር እሳቸውን ያዢ።

ተባባሪ ፕሮፌሰሩ ይህንን ካሉሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ማዕረጉም ሙያውም በአንድ ሰው ተገኘልሽ ማለት ነው። ካላሉሽ መምህርቷን ያዢና እሳቸውን ለሁለተኛ አማካሪነት ጠይቂ፣ አንዳንድ ክፍል ይፈቅዳል። እኔ ይህን መጠየቅ እንደሚቻል ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤሽ ላይ «ቃለ መጠይቅ፣ የቡድን ውይይትና መጠይቅ» ብለሽ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስጽፊ። ሦስት ቅጂ በማኅተም ያዢ። ፕሮፖዛልሽን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ብናየውም ደስ ይለኛል።