ደብዳቤዬ ቆሎ ተጠቅልሎበት መጣ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ስሟን ያልገለጸች መምህርት እንዲህ ትላለች፦ «የ7ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ፣ ዘንድሮ የጤና ክበቡንም ለእኔ ሰጡኝ። ገናና ጥምቀት ባለፈ ቁጥር ክፍሌ ይሳሳል፤ አንዱ ተቅማጥ፣ አንዱ ትኩሳት እያለ ይቀራል። ለወላጅ ደብዳቤ እንልካለን፣ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ የሚያነብ የለም። ርእሰ መምህሩ ባነር እናሳትም ይላሉ። እናንተ ጋ ምን ሠራ?»

እህቴ፣ እኔ ደሴ ነኝ። ሳይንስ አስተምራለሁ፣ የጤና ክበብ ከያዝኩ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ነገሬ ይረዝማል፣ አትሰልቺኝ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት ገና ሊደርስ ሲል ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ነበረው። እጅ መታጠብ፣ ሥጋ ማብሰል፣ ጉንፋን፣ ከሰል፣ መጠጥ፣ ምን የቀረ አለ። ማኅተም አስመትቼ ለእያንዳንዱ ልጅ አደልኩ። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቆሎ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ስፈታው የራሴ ፊርማ ወጣ። ማኅተሙም አለ፣ ቅባት ነክቶታል እንጂ።

ያን ቀን ሳቅሁ። ከበዓል መልስ ግን አልሳቅሁም። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ቀን ቀረ። ሲመጣ ለብቻው አስጠርቼ ጠየቅሁት። በገና ዋዜማ እናቱ ዶሮ ወጡን በከሰል ስትሠራ አመሸች። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። የደሴን የታኅሣሥ ሌሊት ታውቂዋለሽ፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ወጡ ሲደርስ ፍሙ አሳሳቸው። «ቤቱን ያሙቅልን» ብለው ምድጃውን አልጋው አጠገብ ትተው፣ በሩን ዘግተው ተኙ። ሌሊት ላይ ልጁ ራሱ ሊፈነዳ ሲል ነቃ። አስመለሰው። እናቱን ቢነቀንቃት አትሰማም። እየዳኸ በሩን ከፈተና ጮኸ። ጎረቤት ደረሰላቸው፣ ሁለቱም ተረፉ።

«ደብዳቤው ላይ ነበር እኮ!» አልኩት።

«የቱ ጋ ነው ቲቸር?»

ነጥብ ዘጠኝ። እናቱ ማንበብ አትችልም። እሱ ያነበበላት እስከ ነጥብ አራት ድረስ ነው። ከዚያ ሽንኩርት ላጥ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ረጅም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምልከው በአንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የምልከውም ነገሩ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የከሰሉ መልእክት የሚሄደው ታኅሣሥ 28 ነው እንጂ ታኅሣሥ 10 አይደለም። በ10 ብትነግሪያት እናትየው «እሺ» ትላለች፣ እስከ ዋዜማው ረስታዋለች። ዋዜማውን ግን ምድጃው ፊቷ ነው። መጀመሪያ የላክነውም ይህችን ነበር፦ «ስትተኙ ከሰሉን ከነፍሙ ውጭ አውጡት።» በቃ። ለልጆቹ ክፍል ውስጥ ሌላውን እነግራቸዋለሁ። ሰው «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» ይላል። ገዳዩ ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን አይደለም። መጀመሪያ በር መክፈት፣ ሰውን ማውጣት፣ ከዚያ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት።

አሁን ወደ «ወላጅ» ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። መዝገብ ላይ ያለው ስምና ልጁን በበዓል የሚያበላው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። አባት መዝገብ ላይ አለ፣ ሰውየው ግን በሚሌ በኩል ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። እናት ስልኳ ተመዝግቧል፣ እሷ ግን ዓረብ አገር ናት። ከገጠር መጥተው ከታላቅ እህታቸው ጋር ቤት ተከራይተው የሚማሩ አሉ። አያት ጋ የሚኖሩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ኅዳር ላይ እያንዳንዱን ልጅ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በበዓሉ ቀን ወጥ የሚሠራው ማን ነው? የምታድረውስ የት ነው? መልሱን መዝገቤ ዳር ላይ በእርሳስ አሰፍራለሁ። ዋናው ሥራ ይኸው ነው ብልሽ ማጋነን አይደለም።

ለምን ኅዳር ካልሽኝ፣ ኅዳር 12 ስላለ ነው። ኅዳር ሲታጠን አያቶቻችን ለምን ቆሻሻ እንደሚያቃጥሉ ልጆቹን እጠይቃለሁ። አብዛኛው አያውቅም። በ1911 ዓ.ም. አገር ስለፈጀው የኅዳር በሽታ እነግራቸዋለሁ። ያኔ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከዚያ «ዛሬስ ጉንፋን ሲይዘን ምን እናደርጋለን?» ብዬ ወደ ሳልና ወደ መሐረብ እገባለሁ። (ጭሱን አልወደውም፣ አስም ያለባቸውን ልጆች ያን ቀን ከደጅ አርቁ እላለሁ። ዕለቱን ግን እወደዋለሁ።)

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የት ታድራለህ የሚለው፣ ያልጠበቅሁትን ነገር አወጣ። ብዙ ልጅ በዓልን ዘመድ ጋ ያሳልፋል። ባቲ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ከዚያም ወዲያ ቆላ የሚወርድ አለ። እናንተ ወባን ታውቁታላችሁ። ደሴ ግን ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሰዉ ወባን የቆላ ሰው በሽታ አድርጎ ነው የሚያየው። ልጁ ቆላ ከርሞ ይመለሳል፣ ደህና ነው። ወባ ከተነከሱ በኋላ ለመታየት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ትኩሳቱ ሲመጣ እንግዲህ ጉዞው ተረስቷል። ቤት ውስጥ «ብርድ ነው» ተብሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይፈላለታል። አንዷን ተማሪዬን እንደዚህ አድርገው አምስት ቀን አስተኝተዋት ነበር። እኔ በእርሳስ የጻፍኩትን አይቼ ለአክስቷ ደወልኩላቸው። «ባቲ ነበረች እኮ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይህን ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ደሟ ሲመረመር ወባ ሆነ። ስለዚህ ቆላ ለሚሄዱት ሁለት መልእክት አለኝ። ሲሄዱ «አጎበር ውስጥ ተኛ»፣ ሲመለሱ «ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን አስመርምሩ፣ የት እንደነበረ ለባለሙያው ንገሩ»።

የሥጋው ነገር ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ «ጥሬ ሥጋ አትብሉ» ብዬ ላክሁ። የቅርጫ ሥጋ ፊቱ ላለ አባት ይህ ቀልድ ነው። ደግሞ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መጀመሪያ ቁርጥ የሚጎረሰው በዚህ ዕድሜ ነው፣ «ሰው ሆነሃል» ተብሎ። ኮሶም አብሮ ይጎረሳል። አሁን አባትየውን አልነካውም። «ለልጁ ጥብስ ይሁንለት» እላለሁ። ይኼ ያስኬዳል። እናቶቹ በዚህ ተደግፈው ምጣድ ያሞቃሉ።

ሴቶቹን ልጆች ደግሞ አትርሺ። የ7ኛ ክፍል ልጅ በዓል ሲመጣ የቤቱ ዋና ሠራተኛ ናት። ዶሮ ለመንጨት የፈላ ውሃ የምታነሳው እሷ ናት። ክፍሌ ውስጥ ከገና በኋላ የተቃጠለ እጅ ያላየሁበት ዓመት የለም። የጥርስ ሳሙና ይቀባል፣ እንቁላል ይቀባል፣ ዘይት ይቀባል። የእኛ መልእክት «ሲቃጠል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፣ ሌላ ነገር አይቀባ» የሚል ነው። 20 ደቂቃ ብዙ ነው ይሉሻል። ቡናው አንደኛው እስኪፈላ በያቸው።

ጥምቀት ላይ ጉሮሮ ነው የሚበዛው። ከተራ ያመሻሉ፣ በብርድ ያድራሉ፣ በአንድ ኮዳ ለአሥር ይጠጣሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጉሮሮው በባክቴሪያ ሲታመም በደንብ ካልታከመ ነገሩ ወደ ልብ ሊሄድ ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ እንጥል ማስቆረጥ ገና አልጠፋም። «እንጥሉን አታስቆርጡት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ይጨርስ።» ይህችን የምልከው ጥር 12 ጠዋት ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስላለ ያን ሰሞን ወላጅም ይሰማል።

ተቅማጡን አንቺም ታውቂዋለሽ። የኦአርኤስ (ለተቅማጥ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ከረጢት ቤት ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ሆኖ። ይህን ክፍል ውስጥ ራሳቸው ይበጥብጡትና ይቅመሱት። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ጨው በዝቷል።

አሁን እንዴት ይድረስ ወደሚለው። ቴሌግራሙ የሞተበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዋዜማ ላይ ግሩፑን ክፈቺው፤ አበባ፣ ሻማ፣ የሚያብለጨልጭ «እንኳን አደረሳችሁ» ሰባ ሰማንያ ምስል ተደርድሯል። መልእክትሽ ከሥር ተቀብሯል። እኛ ጽሑፍ መለጠፍ ተውን። አንድ ተማሪ በድምፁ ይቀዳዋል፣ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። የልጅ ድምፅ ሲሆን ይከፈታል። ማንበብ የማይችሉት አያቶችም ይሰሙታል፣ «ድገሚልኝ፣ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። የሚቀዳው ልጅ በየጊዜው ይቀያየር፣ የየሰፈሩ ሰው የራሱን ልጅ ይስማ።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ የቤት ሥራ አደረግሁት። ዓረፍተ ነገሯን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ቤት ይናገራሉ። የሚታረመው ግን እሷ አይደለችም። ቤት የሰጧቸውን መልስ ጽፈው ይመጣሉ፣ ሁለት ማርክ አለው። በዓል ከሆነም ሲከፈት ያመጣሉ። መልሶቹን ብታይ! «አባዬ እኛ ስንበላው ምን ሆንን አለ።» «እማዬ ለመምህርሽ ከሰል ውጭ ካደረ ይሰረቃል በያት አለች።» ይኼኛው እውነቷን ነው። ምድጃውን ከነፍሙ ጓሮ ካስቀመጡት በእርግጥ ይሰረቃል። በዓመቱ «ፍሙን አመድ አልብሱና ውጭ በክዳን አስቀምጡት፣ ባዶ ምድጃውን አስገቡት» ብለን አስተካከልን። ወላጅ ካልመለሰልሽ የት ላይ እንደተሳሳትሽ አታውቂም።

ደግሞ ወሎ ነን። «ገናን ለምታከብሩ» ብለሽ አትጀምሪ። ገና ላይ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፣ ዒድ ላይ ክርስቲያኑ ይጠራል፣ ልጆቹ ሁለቱም ቤት ናቸው። ሆዳቸውም እንዲሁ። ስለዚህ የምግቡ መልእክት ለሁሉም ይሄዳል። ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብለው ስለሚመጡ ያምናውን ሰሌዳ መገልበጥ አይሠራም፣ በየዓመቱ አዲስ ነው የምትሠሪው። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ መጾም ይጀምራሉ። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ሳይነሱ የሚቀሩ አሉ፤ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ራሳቸውን ዴስክ ላይ ሲደፉ ታያቸዋለሽ። የሚጥል በሽታ ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ግን ቤተሰቡ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ያናግር። የታመመ ሰው ቀን መለወጥ እንደሚችል ከእኔ ሳይሆን ከኢማማቸው እንዲሰሙት ነው የማደርገው። ለእኛም ጾም እንዲሁ፣ የንስሐ አባት ያናግሩ። እኔ መምህር ነኝ፣ እዚያ አልገባም።

ሁሉም ይሳካል አልልሽም። አምና አንዱ አያት «ይቺ መምህርት ሥራ የላትም እንዴ?» ብለው ልከውብኛል፣ በልጁ ደብተር፣ በልጁ እጅ ጽሑፍ። ሁለት ማርኩን ሰጥቼዋለሁ።

ባነሩን በተመለከተ ርእሰ መምህሩን በአክብሮት እንቢ በያቸው። እኛ ያሳተምነው በጥር ነፋስ ተቀዶ አሁን የጥበቃው ዳስ ጣሪያ ሆኗል። ብሩ ካለ ሳሙና ይገዛበት፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቧንቧው ላይ ይደረግ። ይሰረቃል እንዳትይኝ፣ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተሽ ከቧንቧው ጋር እሰሪው። እኛ ጋ አንዴ ካልሲው ተሰርቆ ያውቃል፣ ሳሙናው እዚያው ቀርቶ።