ብረት ገብቶልን ቤት ስንገባ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም የድሬና የሐረር ቤተሰቦች! ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አጥንት ቀዶ ጥገና ናቸው። አይገርምም። ሆስፒታል በጥቂት ቀን ውስጥ ያሰናብታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የወራት ሥራ ግን ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ያውም ምን ማድረግ እንዳለበት በደንብ ባልተነገረው ቤተሰብ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«እናቴ 70 ዓመት አልፏታል። ወድቃ ዳሌዋ ጋ ተሰብራ ብረት ገባላት። ሐኪሙ አስነሷት ብሏል፣ እሷ ግን ሲያማት ታለቅሳለች። ጎረቤት ደግሞ ብረቱ ይላቀቃል ይለናል። ትንሽ ትረፍ ብለን አስተኝተናታል።» (ከሳቢያን)

እህቴ፣ ሐኪሙ አስነሷት ካለ ዛሬውኑ አስነሷት። እናት ስታለቅስ ማየት አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን በእሷ ዕድሜ የበለጠ የሚጎዳው መተኛቱ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባ ምች በቀላሉ ይይዘዋል፣ መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል፣ ጡንቻው ደግሞ በቀናት ውስጥ መክሳት ይጀምራል። ብረቱ የገባው እኮ ቶሎ እንድትነሳ ነው! እንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን የተደረገለት ብዙ ሰው በማግሥቱ ዎከር (በሁለት እጅ የሚደገፉት ባለ አራት እግር መራመጃ) ይዞ ይቆማል።

የታዘዘላትን ማስታገሻ ከመነሳቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትውሰድ። ከዚያ እግሯን አውርዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥ። ወዲያው አታስነሷት፣ ማዞሩ እስኪያልፍላት ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ስትነሳ በብብቷ ገብታችሁ ሽቅብ አትጎትቷት፣ ትከሻዋን ትጎዷታላችሁ። ወገቧ ላይ ሰፋ ያለ መቀነት ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ከጎንና ከኋላ መቀነቱን ይዛችሁ ደግፏት፣ ብትንገዳገድም የምትይዙት ነገር አላችሁ። የመጀመሪያ ቀን እስከ በሩ ሄዳ ብትመለስ ትልቅ ነገር ነው። በነጋታው እስከ በረንዳ። ጠያቂ ሲመጣም «አትነሺ፣ አትነሺ» ይላታልና ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቀበለው። ምንጣፉን አንሱ፣ ሽንት ቤት ድረስ ሌሊት መብራት ይኑር፣ ነጠላ ጫማም ይቅር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንዱን ታማሚ ሐኪሙ «እግርህን እንዳትረግጥ» ይለዋል፣ ያ ሌላ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ «ምን ያህል ትርገጥ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አንዱ ባቷ ካበጠና ካመማት በዚያው ቀን ትታይ። በድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ተብሎ የታዘዘ መርፌ ወይም ኪኒን ካለ «ተሽሏታል» ብላችሁ አታቋርጡባት።

«አባቴ ዳሌው በሰው ሠራሽ ተቀይሮለታል። ቤታችን የድሮ ነው፣ ነደባው (እንደ መደብ የተሠራው መቀመጫ) ዝቅ ያለ ነው፣ ሽንት ቤቱም በቁጢጥ ነው። ሶላቱስ?» (ከጀጎል)

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተቀየረ ዳሌ ትልቁ ጠላቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ የሚልበት አቀማመጥ ሁሉ መገጣጠሚያውን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ታችኛው ነደባ ላይ አይቀመጥ፣ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይዘጋጅለት። ለሽንት ቤቱ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ግዙና መቀመጫውን በክብ ቀዳችሁ ቀዳዳው ላይ አድርጉት፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሉት። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ወለሉ ደረቅ ይሁን። እግሩን አያጣምር፣ ሲተኛ በጉልበቶቹ መሃል ትራስ ይኑር፣ ጫማ ለማሰር አይጎንበስ። ይህ እስከ መቼ እንደሚቆይ እንደ ኦፕራሲዮኑ ዓይነት ስለሚለያይ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሶላቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስገድ፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። እግሩ ድንገት አጥሮና ዞሮ ከባድ ሕመም ከያዘው ለመጎተት አትሞክሩ፣ እንዳለ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

«ክራንች ብብቴን ላጠኝ፣ እጄም ይደነዝዛል።» (ከአራተኛ፣ ሐረር)

ረዝሞብሃል፣ ወይም ብብትህ ላይ ተንጠልጥለህ ነው የምትሄደው። በብብትህና በክራንቹ መሃል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ፣ ክብደትህን መዳፍህ ይሸከም። ድንዛዜው የሚመጣው ብብት ውስጥ ያለው ነርቭ ስለሚጫን ነው፣ እንዲህ እየሄድክ አትቀጥል። የሐረር ዳገትና ደረጃ ላይ ደግሞ፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር ይቅደሙ።

«ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረት ከገባልኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ሲመሽ ያብጣል። ወጌሻ ይሽልኝ?» (ከገንደ ቆሬ)

አይሆንም! ወጌሻዎቻችን የስንቱን ወለምታ እንዳሹ አውቃለሁ፣ ግን ብረት ያለበትና ገና ያልጠና አጥንት መታሸትም መጎተትም የለበትም። ብሎኑ ሊላላ፣ የተገጠመው አጥንት ሊንሸራተት ይችላል። ሲመሽ የሚመጣ፣ ስትተኛ የሚቀንስ እብጠት ከቁርጭምጭሚት ስብራት በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቀን ቀን እግርህን ከደረትህ ከፍ አድርገህ ጋደም በል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዝበት። ስፌቱ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ካተኮሰህ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ነገ ሳትል ታየው። ከሐኪም ቤት ያልታዘዘ ቅባትም ሆነ ቅጠል ቁስሉ ላይ አይደረግ።

«በዚህ ሙቀት ጄሶው ውስጥ ያሳክከኛል፣ በሹራብ መስሪያ ሽቦ ልከከው?» (ከከዚራ)

አቦ፣ ተው! ቆዳህን ትቦጭረውና ውስጥ ለውስጥ ያመረቅዛል። ማራገቢያ ፊት አስጠግተው፣ ወይም ጄሶውን ከላይ መታ መታ አድርገው። ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልታገስ ካለ ግን ጄሶው አንቆህ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሂድ።

«ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ትራማዶል (ጠንካራ ማስታገሻ) እየወሰድኩ ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ መቀመጥ እችላለሁ?» (ከመጋላ)

ቢያንስ መድኃኒቱን እስክትጨርስ ይቅርብህ። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ጫትም ያደርቃል። ጫቱ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ቁስል የሚድነው ደግሞ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ፍራሽ ላይ ጉልበት አጥፎ ለሰዓታት መቀመጡ ነው፣ ለደም መርጋት ይመቻል፣ ጉልበትም በዚያው ይደርቃል። ሲጋራውንም አብረህ ተወው፣ አጥንት እንዳይገጥም ያዘገያል። ስትተኛ ጉልበትህ ሥር ትራስ አታድርግ። ደስ ቢልህም ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል።

«ቅልጥም ብቻ ብበላ ቶሎ ይገጥምልኛል?» (ከሸንኮር)

መረቁ ደስ ካለሽ ጠጪ፣ ግን ብቻውን አይበቃም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ በጾም ደግሞ ምስርና ሽሮ በደንብ ብዪ። የግመል ወተት ከሆነ ይፍላ።

«ባጃጅ ሹፌር ነኝ። ቀኝ ቅልጥሜ ተሰብሮ ውስጡ ብረት ገብቶልኛል። ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሥራ ልጀምር?» (ከለገሃሬ)

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን የባጃጅ ፍሬን ያለው ቀኝ እግር ላይ ነው። ልጅ ድንገት ፊትህ ቢገባ እግርህ ሳያመነታ ሙሉ ኃይሉን መጣል አለበት። የቅልጥም አጥንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። መጀመሪያ ራጅ ተነሳና ሐኪምህ መግጠሙን ይይ። እሺ ካለህ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ባጃጇ በቆመችበት ፍሬኑን ደጋግመህ በድንገት ርገጥ፣ ካመመህ ወይም እግርህ ካመነታ ገና ነህ። ትራማዶል እየወሰድክ ደግሞ ጨርሶ አትንዳ፣ ያፈዛል። እስከዚያ ባጃጇን ለምታምነው ሹፌር በቀን ገቢ ስጣት፣ ያንሳል ግን ኪራዩን ያግዝሃል።