ሳሙና ሳሙና ያለው ኬክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፣ ዋናዋ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ አክስቷ ለውድድር የጋገረችው ኬክ ይበላሽና ልጅቷ ማን እንዳበላሸው ትደርስበታለች። ደም የለ፣ ሬሳ የለ፣ ፈታ የሚያደርግ ነገር እንዲሆን ነው የፈለግኩት። ችግሬ መጨረሻው ላይ ነው፣ በር ላይ ቆማ ጥፋተኛው ሲናዘዝ ትሰማለች በቃ፣ እኔ ራሴ ሳነበው ደበረኝ። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባት

መልስ፦ እህቴ፣ ቢደብርሽ አይገርምም፣ ልጅቷ እኮ ምንም አልመረመረችም፣ ጆሮዋ ነው የደረሰላት። የኩሽና ታሪክ ከሆነ መልሱም ከኩሽናው ይውጣ።

እስቲ እንዲህ አስቢው። ኬኩ ከወትሮው ጠቆር ብሎ ወጣ፣ የቀመሰው ሁሉ “ሳሙና ሳሙና ይላል” አለ፣ ከዛ ሰዉ ዞሮ ዕቃ ያጠበውን ልጅ አየ፣ በደንብ አላለቀለቅክም ተብሎ ተቆጡት። ይሄን መጀመሪያው ላይ ጻፊውና ዝም በይ፣ አንባቢም አብሮ ልጁን ይጠረጥር። እውነቱ ግን የቤኪንግ ፓውደሩ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ፓውደሩ ግን ሶዳ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ የተሰራ ነው፣ ሶዳ ለብቻው ከፓውደሩ 3 እጥፍ ገደማ ይበረታል፣ ሊጡ ውስጥ እንደ እርጎ ወይ ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገር ከሌለ ደግሞ ይተርፍና ኬኩን ያጠቁረዋል፣ አፍ ላይም ሳሙና ሳሙና ይላል።

ልጅቷ ይሄን ማንም አይነግራትም፣ ትሞክረዋለች። ከቆርቆሮው ግማሽ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትጨምራለች፣ ፓውደር ቢሆን ወዲያው ይንተከተክ ነበር፣ ይሄ ግን እዚህም እዚያም ትንሽ አረፋ አሳይቶ ጭጭ። ከሌላ ማንኪያ ላይ ኮምጣጤ ስታፈስበት ግን ሽሽሽ ብሎ ከብርጭቆው ይገነፍላል። እዚህ ጋ በናትሽ አትሩጪ፣ የረጠበ እጇን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሄደውን አረፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ስታየው አሳዪን፣ አንባቢ የሚወዳት እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ሶዳው ከየት መጣ ካልሽ ሽታ እንዲመጥ ፍሪጅ ውስጥ ክፍቱን የተቀመጠ ነበር። ስለዚህ ቀደም ብሎ አንዱ ፍሪጁን ከፍቶ “ምንድነው የሚሸተው?” ይበልና እለፊው። ብቻ ፍንጩን አትደብቂ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና የምርመራ ልብወለድ ጸሐፊ 10 ሕግ አውጥቶ ነበር፣ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢም ያሳይ የሚል ነው፣ እኔ እስካሁን የምከተለው ሕግ ነው።

ልጅነቷንም ተጠቀሚበት፣ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ፊት አይጠነቀቁም፣ እሷ ወንበር ስር ማንኪያ እየፈለገች እነሱ ያወራሉ።

ጥፋተኛው ክፉ ሰው ባይሆን ደስ ይለኛል። ፓውደሩን ደፍቶት፣ አፍሮ፣ የሚመስለውን ዱቄት በቦታው ሞልቶ ዝም ያለ ሰው ይሁን። ከዛ ያ ልጅ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ እያየም ዝም አለ፣ ይሄ ያለ ደምም በጣም ያማል፣ ልጅቷንም የሚያናድዳት ይሄው ነው እንጂ ኬኩ አይደለም።

የበሩን ትዕይንት አውጪውና የአረፋውን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ማንበብ እፈልጋለሁ።