ስለ ገመድና ስለ ሶኬት ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ አለሁ

ኮምፒውተር መጠገን ላይ ቆየት ብያለሁ። ሁለት ነገር አደራ፦ ፎቶ ላኩ፣ አልገባ ያለውን በግድ አትግፉ።

ጥያቄ፦ ቪጂኤ የትኛው ነው?

መልስ፦ የቆየው የሞኒተር ገመድ ነው፤ ባብዛኛው ሰማያዊ፣ 15 ፒን በሦስት ረድፍ፣ ግራና ቀኝ ብሎን ያለው። ድምፅ አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ያለው ታይፕ ሲ ብቻ ነው። በስልኬ ገመድ ከሞኒተር ጋር ባገናኘው ጨለማ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እሰይ፣ ይቺን ስጠብቅ ነበር! ታይፕ ሲ የቅርጹ ስም ነው። መንትያ ከሚመስሉ ሁለት ገመዶች አንዱ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፣ ሌላው 40 ጊጋቢት ያሳልፋል። ከስልክ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀርፋፋው ነው። ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ያሻግራል፤ የምስሉ ሽቦዎች ግን ውስጡ የሉም። ቀዳዳውም እንደዚያው ነው። አጠገቡ ጫፉ ቀስት የሆነ መብረቅ ካለ ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ነው፣ ምስል ያወጣል። ምልክት ከሌለው የላፕቶፑን ሞዴል ፈልገህ መግለጫውን አንብብ። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ገመድ ለውጦ መጣ። ቀዳዳው ለካ ምስል አያወጣም!

ጥያቄ፦ ገመዴ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ገመድ? ከምን ወደ ምን? ፎቶ!

አንድ አባል፦ ኤችዲኤምአይ (የቲቪና የሞኒተር ገመድ) ከሆነ ወርቅ የተቀባውን ግዛ፣ ምስሉ ይጠራል።

ሌላ አባል፦ የሻጭ ወሬ ነው።

አንደኛው፦ በዓይኔ አይቼ!

ሦስተኛ፦ መርካቶ ስንት ገባ?

መልስ፦ ወርቁ ዝገት ይከላከላል፣ በቃ። ምልክቱ ዲጂታል ነው፤ በደንብ ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ ይቆራረጣል። ዋጋውን እዚያው ተጨራረሱ።

ጥያቄ፦ የፕሪንተሩ አራት ማዕዘን ነገርስ?

መልስ፦ ዩኤስቢ ቢ።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ካርድ አስገባሁ፣ ጌም ግን ያው ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ የሞኒተሩ ገመድ የት ተሰካ? ላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ከሆነ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ነው፣ ካርዱን አልተጠቀምክበትም። ነቅለህ ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ ካሉት ሰካው።

ጥያቄ፦ በታይፕ ሲ ሞኒተር አልሠራ አለኝ፣ ለምን?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ወደ ላይ ወጥተሽ አንብቢ።

ጥያቄ፦ የሞኒተሬ ገመድ አልነቀል አለ። በፒንሳ ልሳበው?

መልስ፦ በፒንሳ?! በግድ አትበሉ አላልኩም? አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው?

ጥያቄ፦ አዎ።

መልስ፦ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው የሞኒተር ገመድ ነው። ጀርባው ላይ የምትጫን ነገር አለች። እሷን ተጭነህ ቀስ ብለህ ሳብ።

ጥያቄ፦ ወጣ! ፒንሳውን መለስኩ።