«ቼክ አድርግ» ስንል ምን አድርግ ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ «ቼክ» የባንክ ወረቀት ነው። ማጣራትም ነው። ቼዝ ላይ ንጉሡ ሲጠቃም «ቼክ» ይባላል። እነዚህ አንድ ቃል ናቸው ወይስ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ? «ቼክ አድርግ» ማለትስ ስሕተት ነው?

መልስ፦ አንድ ቃል ናቸው። የሁሉም እናት ደግሞ የጨዋታው «ቼክ» ነው።

በፋርስኛ «ሻህ» ንጉሥ ማለት ነው። ተጫዋች የባላጋራውን ንጉሥ ሲያጠቃ «ሻህ!» ይላል። ቃሉ በዐረብኛና በላቲን አልፎ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ውስጥ «ኤሼክ» ሆነ። እንግሊዝኛ የወሰደው ከዚያ ነው። ንጉሥ ሲጠቃ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይቆማል፤ መጀመሪያ እሱ መዳን አለበት። ስለዚህ ቃሉ ማስቆም፣ መግታት ማለት ሆነ። ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ወደ ማመሳከር ተሻገረ። የባንኩ ቼክም ከማመሳከር የመጣ ነው። ቃሉ መጀመሪያ የሚጠራው ማጭበርበርን ለመከላከል ከሰነዱ ተቀድዶ የሚቀረውን ክፍል ነበር። ኋላ ወረቀቱ ራሱ ስሙን ወሰደ።

ጥያቄው ባይጠይቅም አንድ ነገር ልጨምር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ሹሞች የመንግሥትን ገቢ የሚያሰሉት እንደ ቼዝ ገበታ በተከፋፈለ ጨርቅ ላይ ነበር። ግምጃ ቤቱ ከዚህ ገበታ «ኤክስቼከር» የሚለውን ስም አገኘ። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠራል። እኛስ? «ሰንጠረዥ» ከሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ተነሥቶ፣ በፋርስኛው «ቻትራንግ»ና በዐረብኛው «ሸጥረንጅ» በኩል የደረሰን የቼዝ ስም ነው። ዛሬ ግን ሰንጠረዥ ስንል ቁጥር የሚሞላበት ባለ ረድፍና ባለ ዐምድ ሥዕል ነው የምናስበው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ከጨዋታ ገበታ ተነሥተው ሒሳብ ላይ ደረሱ። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

«ታዲያ ሰንጠረዥን ከተቀበልን ቼክን ለምን እንጠላለን?» የሚሉ አሉ። መልሴ አጭር ነው። ሰንጠረዥ የመጣው ያልነበረንን ነገር ይዞ ነው። የባንኩ ቼክም እንዲሁ፤ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። «ቼክ አደረገ» ግን የመጣው ሰው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። ቦርሳ ይፈተሻል። ወሬ ይጣራል። ገንዘብ ይቆጠራል። ሰነድ ይመሳከራል። ሕመምተኛ ይመረመራል። አሁን ሁሉም «ቼክ ይደረጋል»። ደግሞ «ፈተሸ» ይረባል፦ ፈታተሸ፣ አስፈተሸ፣ ተፈታተሸ፣ ፍተሻ፣ ፈታሽ። «ቼክ» አይረባም። «አደረገ» ካልደገፈው አይንቀሳቀስም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ። ቼክ በተባለበት ሁሉ «አረጋግጥ» ይተካ ይላሉ። አይሆንም። «በሩ መዘጋቱን አረጋግጥ» ያለ ሰው በሩ እንዲዘጋ ይፈልጋል፤ ክፍት ከሆነ ዝጋው ማለቱ ነው። «በሩ ተዘግቶ እንደሆነ እይ» ያለ ሰው ግን ገና አላወቀም፤ ወሬውን ብቻ ነው የሚፈልገው። «አረጋገጠ» ከ«ረገጠ» ጋር የሚጋራው ር-ግ-ጥን ነው። እኔ ቃሉን ስሰማ መሬቱን ረግጦ የቆመ ሰው ይታየኛል። ሥርወ ቃሉን በዚህ መንገድ ማንበብ ለሁሉም ላያሳምን ይችላል፤ እኔ ግን አልተወውም። የረገጠ ሰው ጥርጣሬው አልቋል። ቼክ የሚያደርግ ሰው ጥርጣሬው ገና ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተሸንፌአለሁ፤ ኢሜይልና ስልክ ላይ። «ኢሜይልህን ቼክ አርግ» የሚል ሰው ፈትሽ ወይም መርምር ማለቱ አይደለም። «‹እይ› ይበቃል» ስል ኖሬአለሁ። ሆኖም «ኢሜይልህን እይ» ሲባል የተላከልኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። «ቼክ አርግ» ሲባል ግን ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ይህን ልዩነት ወጣቶቹ ሳይማሩት ለይተው ይጠቀሙበታል። ቃሉን ባልወደውም ልዩነቱ እኔም ጆሮ ላይ ገብቷል፤ መካድ አልችልም።

ስለዚህ የባንኩን ቼክ ያለ ሥጋት ይጻፉ። የኢሜይሉን በንግግር ውስጥ ይተዉት። ደብዳቤ ወይም ሪፖርት ላይ ግን «ሒሳቡ ቼክ ተደርጓል» ብለው እባክዎ አይጻፉ። ተቆጥሮ ነው? ከደረሰኙ ጋር ተመሳክሮ ነው? በባለሙያ ተመርምሮ ነው? አንባቢው ይህን ማወቅ አለበት፤ አማርኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግሥ አለው።