ደብዛዛዋን ሴል አትለፏት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ ታክሲ ውስጥ ሁለት የባዮሎጂ ተማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ በስልኳ አረንጓዴ ክሮች ሲረዝሙና ሲያጥሩ እያየች «አቤት ሲያምር!» አለች። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ብያለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ነው።

ክሮቹ ማይክሮቱቡል ናቸው። ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ፣ 25 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸው ቱቦዎች። ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚያከፋፍሉት እነሱ ናቸው። ጫፋቸው ሲያድግ ቆይቶ ድንገት ይፈርሳል፣ ደግሞ ያድጋል። በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ይህን በቀላሉ በዓይናችን እንድናይ ያደረገን ከጄሊፊሽ የተገኘው አብሪ ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒ ነው። ጂኑን ከቱቡሊን ጂን ጋር ትቀጥሉታላችሁ፤ ሴሉ ራሱ መብራት የያዘ ቱቡሊን ይሠራል። ሳይንቲስቱ ማርቲን ቻልፊ በ1994 እ.ኤ.አ. የትልን ነርቭ በጂኤፍፒ ሲያበራ የተጠቀመው የቱቡሊን ጂንን ሥራ የሚያስጀምረውን ክፍል (ፕሮሞተር) ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የከተራ ዕለት ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወርደውን ሕዝብ አስቡ። ለጥቂቱ ሰው ፋኖስ ብታስይዙ የሕዝቡ አካሄድ ይታያችኋል። ሁሉንም ከባድ ፋኖስ ብታሸክሙት ግን አካሄዱ ራሱ ይለወጣል። ጂኤፍፒ ደግሞ ቀላል ሸክም አይደለም፤ የተሸካሚውን የቱቡሊን ክብደት ግማሽ ያህላል።

ተማሪ ሳለሁ ያበራሁት ኢቢ3 የሚባለውን፣ የሚያድገውን ጫፍ የሚይዘውን ፕሮቲን ነበር። ደምቀው የሚታዩትን ሴሎች እየመረጥኩ አነሳ ነበር። ክሮቹ እንደ ገመድ ተገምደው ታዩኝ። ግኝት መሰለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ደከምኩበት። አንድ ማታ አማካሪዬ መጡና «እስቲ ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን ደብዛዛ አሳየኝ» አሉ። ካሜራውን ትንሽ አቆየንባት። ጅራታም ኮከብ የመሰሉ ነጥቦች ከሴሉ መሀል ወደ ዳር እየፈለቁ ይሄዳሉ። ገመድ የሚባል የለም። ገመዱን የሠራሁት እኔው ነበርኩ፣ በደማቆቹ ሴሎች ውስጥ ኢቢ3ን አብዝቼ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጂኤፍፒ ያልተጨመረበትን ሴል ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያዙ። የማይክሮስኮፑን ብርሃን ቀንሱ፤ የበዛ ብርሃን ሴሉንም ይጎዳል፣ ጂኤፍፒውንም ያጠፋዋል። ማይክሮቱቡል ብርድ አይወድም፣ ሲቀዘቅዝ ይፈርሳል፤ የሰው ሴል ከሆነ 37 ዲግሪ ሳይደርስ ቀረጻ አትጀምሩ።

ከመተማ በኩል የካላዛር ሕሙማን ወደ ጎንደር ሲመጡ ታያላችሁ። በሽታውን የሚያመጣው ሌሽማንያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ቅርጹን የሚጠብቀው ከሽፋኑ ሥር በተደረደሩ ማይክሮቱቡሎች ነው። ከእናንተ አንዳችሁ እሱን በሕይወት እያለ፣ ሲከፈል ቀርጻችሁ ብታሳዩኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ስትመጡ ደማቁን ብቻ አይደለም፣ ደብዛዛውንም ይዛችሁልኝ ኑ።