ይነሣና ይጠፋል፤ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው?

ጥያቄ፦ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያዎቹ ለቅጽበት ይዞሩና ይቆማሉ። ደግሜ ስጫን ጭራሽ ዝም ይላል። የሸጠልኝ ሰው “ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ” አለኝ። ልግዛ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አይግዙ። የሞተ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሣጥን) አብዛኛውን ጊዜ ማራገቢያ እንኳ አያንቀሳቅስም። ተነሥቶ ወዲያው መቆሙ፣ የሆነ ቦታ ሾርት (መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ወይም ብረቶች መነካካት) አግኝቶ ራሱን መዝጋቱን ይጠቁማል። ይህ መከላከያ አንዴ ከዘጋ ብዙ ጊዜ ከሶኬት ካልተነቀለ አይለቅም፤ ሁለተኛ ሲጫኑ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ አንድ ደቂቃ ይታገሡ። ይህን ካላደረጉ ጥፋቱን አግኝተው አስተካክለው እንኳ “አልሠራም” ብለው ሊያልፉት ይችላሉ።

በአዲስ ግጥሚያ ላይ ቀድመን የምንጠረጥረው ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) የሚያርፍባቸውን የናስ እግሮች ነው። ኬዝ ለብዙ ዓይነት ቦርድ ስለሚሠራ፣ ከቦርድዎ የብሎን ቀዳዳ ጋር የማይገጥም ትርፍ እግር ተጠምዶበት ሊመጣ ይችላል። ያ እግር የቦርዱን የጀርባ ብየዳ ከነካ ሾርት ሆነ ማለት ነው። የቦርዱን ቀዳዳዎችና የኬዙን እግሮች ይቁጠሩ፤ ትርፍ ካለ ይፍቱት። የወደቀ ብሎንም ይፈልጉ።

ከዚያ ገመዶቹን ይፈትሹ። ትልቁ ባለ 24 ፒን መቆለፊያው “ቀጭ” እስኪል መግባት አለበት። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ባለ 8 ፒን ሶኬት አለ። የእሱ ገመድ 4 እና 4 ሆኖ የሚከፈለው ነው። 6 እና 2 ሆኖ የሚከፈለው የግራፊክስ ካርድ ነው፤ የሁለቱ አሠላለፍ ተቃራኒ ስለሆነ እምቢ ሲል በጉልበት አይጫኑት።

አሁንም ካልሆነ ቦርዱን ከኬዙ አውጥተው በመጣበት ካርቶን ላይ ያስቀምጡት። ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ሁለቱ የፓወር ገመዶች ብቻ ይቅሩ። የኬዙ ማብሪያ ይሰካባቸው የነበሩትን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለአፍታ ያገናኙ። እዚህ ተነሥቶ ከቆየ ጥፋቱ ከኬዙ ወይም ከነቀሏቸው ክፍሎች ነው። ካልተነሣ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ይፈትኑ።

ለዚህ ሁሉንም ገመድ ከቦርዱ ይንቀሉና አንድ የኬዝ ማራገቢያ ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብቻ ጫና እንዲሆነው ይስኩለት። በ24 ፒኑ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በተጣጠፈ የወረቀት ማያያዣ ያገናኙ፤ ይህን ሲያደርጉ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ በግምት አይንኩ፣ የማኑዋሉን ሥዕል ይከተሉ። ከዚያ ሰክተው በመልቲሜትር ይለኩ፤ ጥቁሩ መለኪያ ሁልጊዜ ጥቁር ሽቦ ላይ ነው። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 መሆን አለበት። ሐምራዊው ኮምፒውተሩ ሳይነሣም፣ ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ 5 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ እሱ ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ በእርግጥም ሞቷል። የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ አለመዞሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንዶቹ ጫና ሲቀላቸው ሆን ብለው ያቆሙታል።

የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን አይክፈቱ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ የኔው ደኅና ይነሣል፤ ቪዲዮ ሳቀናብር ግን ድንገት ይጠፋል። ፓወር ሰፕላዩ 600 ዋት ይላል፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) 650 ቪኤ ነው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ትልቁን ቁጥር ትተው በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። 12 ቮልቱ ሥር 25 አምፔር ከተጻፈ፣ 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚበሉት ከዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ 125፣ ካርዱ 200 ዋት ከሆኑ ሁለቱ ብቻ 325 ደረሱ። ለእንዲህ ያለ ማሽን ከ550 እስከ 650 ዋት፣ ያውም አብዛኛውን በ12 ቮልት የሚያወጣ እንመክራለን። ካርድዎ ሁለት ባለ 8 ፒን ሶኬት ካለው፣ ከአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ራሶች አይጠቀሙ፤ ለየብቻ ገመድ ይስጡት።

የዩፒኤስዎ ቪኤም ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 400 ዋት አይሞላም። መብራት ሲሄድ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አለዚያም ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው የተቆራረጠ ሞገድ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አለመስማማቱ ነው። ለአንድ ቀን ዩፒኤሱን አልፈው በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ይሞክሩት። ዊንዶውስ የሚመዘግበው “ከርነል ፓወር 41” በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት ውጭ ጥፋተኛውን አይነግርዎትም። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለምትሞቅም የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ወደ አየር ማስገቢያው መዞሩንና ወንፊቱ በአቧራ አለመደፈኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ ኬዙን ስነካ ይነዝረኛል። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ደኅና ነው፤ የጎደለው የመሬት መስመር ነው። በመግቢያው ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጥቂት ጅረት ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ፤ ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው ያ ጅረት መሄጃ አጥቶ ኬዙ በ220 ቮልት መስመር ላይ እስከ 110 ገደማ ይይዛል። ጅረቱ ትንሽ ቢሆንም ፍላሽና ፕሪንተር ሲሰኩ ወደቡን ሊያበላሽ ይችላል። ባለ ሁለት ሽቦ ማከፋፈያ ካለዎት ዛሬውኑ ይጣሉት፣ ለሶኬቱም የመብራት ባለሙያ ጠርተው የመሬት መስመር ያስዘርጉ። ነዘሩ ጠንከር ያለና እጅ የሚያስፈነጥር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ነቅለው እስኪመረመር ድረስ አይንኩት።